ሕግን ያሟላ ሁሉ አደራውን ተወጥቷልን?
በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል የባሕር ሙዚየም 6 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የታይታኒክ ሞዴል አለው። የሠሩት መርከቧን የገነቡት ራሳቸው ናቸው። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1912 ሰጥማ 1500 ያህል ሰው አልቋል፤ ሞዴሏ ግን ዛሬም አለች።

ውድ አንባቢ! መርከቧ 20 የነፍስ አድን ጀልባዎች ነበሯት። የሚይዙት 1178 ሰው ሲሆን የተሳፈረው ግን 2200 ያህል ነበር። የዘመኑ ሕግ የሚጠይቀው 16 ጀልባ ብቻ ነበር። ታዲያ ባለቤቶቹ ከሕጉ በላይ ስላደረጉ ከወቀሳ ይድናሉን? በፍጹም! ጉድለቱ የተሰወረ አልነበረም፤ በሞዴል ላይ እንኳ ጀልባ በጣት ይቆጠራል። ሕግ ዝቅተኛውን ወሰን ይደነግጋል እንጂ ኅሊናን አይተካም። የሰው ነፍስ በአደራ የተቀበለ ሁሉ «ምን ታዘዝኩ?» ከማለቱ በፊት «ስንቱን አድናለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።