ያልደረሰ ትንበያ ሐሰት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ በዩናይትድ ስቴትስ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ-19 እንዲሁም ሕፃናትንና አረጋውያንን ክፉኛ የሚጎዳው አር. ኤስ. ቪ. የተባለው ቫይረስ በአንድ የብርድ ወራት ተደራርበው መጡ። በብዙ የሕፃናት ሆስፒታሎችም አልጋ እጅግ ተጣበበ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስንት ሰው ይታመማል ከሚለው ይልቅ ስንቱ በአንድ ሳምንት ይታመማል የሚለው ጥያቄ ይከብዳል፤ በሽታ ተራ አይጠብቅምና።

ይህን አስቀድመው ለማወቅ የሚደክሙ ሊቃውንት አሉ። የዚያው አገር የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኢንፍሉዌንዛን የሚተነብዩ የምርምር ቡድኖችን ያስተባብራል፤ በ2020 ለኮቪድ-19ም ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ። የቡድኖቹ ግምት በአንድነት ሲጠቃለል አብዛኛውን ጊዜ ከየብቻው ይልቅ የታመነ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በሽታው ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ወይም ቁልቁል ሲመለስ ብዙዎቹ አብረው ይሳሳታሉ። ያለፈውም ለመጪው ሁልጊዜ መሪ አይሆንም፦ ከ2020 እስከ 2021 በነበረው የብርድ ወራት ሕዝቡ ፊቱን በመሸፈኑና በመራራቁ ኢንፍሉዌንዛ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር፤ አር. ኤስ. ቪ. ደግሞ ልማዱን ስቶ በ2021 የሙቀት ወራት ተነሣ።

ውድ አንባቢያን፣ እኛን ያሳሰበን ግን ከስሌቱ ይልቅ የሕሊናው ጉዳይ ነው። ተንባዩ «ሦስቱ ይገጣጠማሉ» ቢል፣ ሕዝቡም ሰምቶ ቢከተብ፣ የታመመው ከቤቱ ቢውል፣ መከራውም ቢቀልል፣ ተንባዩ ዋሾ ይባላልን? ይህ ከዝናብ በፊት ጣራውን የጠገነውን ሰው «ቤትህ መቼ አፈሰሰ?» ብሎ እንደ መውቀስ ነው። ነገር ግን ይኸው ምላሽ ለተንባዩ መሸሸጊያ እንዳይሆን እንሠጋለን፤ ሳይደርስ የቀረውን ሁሉ «በእኔ ማስጠንቀቂያ ቀረ» የሚል ሰው ከቶ አይረታምና። ስለዚህ ልዩነቱን እናስተውል። «በመጪዎቹ ሳምንታት ይህን ያህል ሰው ሆስፒታል ይገባል» የሚለው ትንበያ በኋላ ከደረሰው ጋር ይመዘናል፤ «ባንከተብ እንዲህ ይሆናል» የሚለው ግን በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነውና በዚያው ሚዛን አይመዘንም። ሁለቱን አደባልቆ የሚናገር፣ ወይም የግምቱን ስፋት ደብቆ አንዷን አስፈሪ ቁጥር ብቻ የሚያስተጋባ፣ አድማጩን ይበድላል።

ማስጠንቀቂያም ያለ ኪሳራ አይመጣም። ለሚመጣው ወረርሽኝ አልጋ ይጠበቅ ሲባል ቀዶ ሕክምናው የሚተላለፍበት ሰው አለ። ወረርሽኙ ሳይከፋ ቢቀር፣ እርሱ በሕመም ያሳለፈውን ወር ማን ይቆጥርለታል? ቢያንስ ቀጠሮውን ሲያስተላልፉበት ምን ያህል እርግጠኞች እንደ ሆኑ ሊነግሩት ይገባል እንላለን።