የቅድመ አያት ልደትና የምንጅላት ስም

እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እያንዳንዳችን የትውልድ ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ጽፈን እንድናመጣ ከተስማማን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም። ይኸውም የሞተን ሰው ልደት የምንፈልገው ስለ ማን ብለን ነው? ስለ ሟቹ ነውን ወይስ ስለ ራሳችን? ጥያቄው ሲያነሡት ቀላል ይመስላል፤ የሚከብደው የተጻፈ ነገር እጅ ሲገባ ነው።

በአገራችን የጥንት ሰው ልደት መፈለግ ማለት መሥሪያ ቤት ሄዶ መዝገብ ማስገለጥ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጽ ቢኖረውም ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ዘመናት አለፉ። በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ሽማግሌዎች፣ ወደ ንስሐ አባትና፣ ዕድል ከቀናው፣ በቤት ወደ ቆየ የብራና ዳዊት ነው። በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ቢገኝ እንኳ የተጻፈው የክርስትና ስም ይሆናል፤ ጎረቤት የሚያውቀው የዓለም ስም አይደለም። ዓመተ ምሕረቱም ሳይጻፍ የወንጌላዊው ስም ብቻ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ።

ከመካከላችን አንዱ ያገኘው እንዲህ ያለውን ነው። ቅድመ አያቱ ክርስትና የተነሡት በዘመነ ሉቃስ፣ በጥር ሥላሴ መሆኑ ተጽፏል። ዘመነ ሉቃስ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይመለሳልና 1907ም፣ 1911ም፣ 1915ም ዘመነ ሉቃስ ናቸው። ከቤተ ሰቡ የቀረው ወሬ ግን ልጁ የኅዳር በሽታ ሰው በፈጀ ሰሞን ተወለዱ ይላል። ያ በሽታ አዲስ አበባን የፈጃት በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃልና ከጥር 7 ወደ ኋላ ብንቆጥር ኅዳር 28፣ የአማኑኤል ዕለት ላይ እንደርሳለን። (ይህን ቆጠራ ስንሠራ ያመሸንበት ምሽት ለፈተና ካጠናንባቸው ምሽቶች ሁሉ ይልቅ ደስ ብሎን ነበር።) እንግዲህ ሬሳ የሚያነሣ ሰው በጠፋበት ወር አንዲት እናት ወልደዋል።

እኒህ እናት ማን ናቸው? በዚያው ገጽ ላይ የሌሎች ልጆች እናቶች ከነአባታቸው ስም ተጽፈዋል። የእሳቸው ግን «ወለተ ማርያም» ብቻ ነው። አባት የለም፤ አገር የለም። ወለተ ማርያም ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሴቶች የሚጠሩበት የክርስትና ስም ነው። ጓደኛችን ከልጅነቱ የሰማው የባላባት ልጅ እንደ ነበሩ ነው። የቤቱን ሽማግሌ ቢጠይቅ ግን አዛውንቱ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ ሴትዮዋ በገንዘብ ተገዝተው የመጡ መሆናቸውን ነገሩት። ኢትዮጵያ ባሪያን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣውን ደንብ ያወጣችው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። ልጁ የተወለዱት ከሁለቱም በፊት ነው። ልብ በሉ፤ አዛውንቱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እሳቸው» ሲሉ ቆይተው ከዚያ በኋላ «እርሷ» ማለት ጀመሩ። እኛ በዚህ ጽሑፍ «እሳቸው» ማለታችንን አንተውም።

የጓደኛችን አክስት ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ይህን ጽፈህ ምን ታተርፋለህ? ለእኅትህ ሽማግሌ ሊላክ ነው» አሉት። ከእኛ አንዳንዶቹ በአክስቲቱ ለመፍረድ ቸኩለው ነበር። ነገር ግን «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በስንት ቤት ትዳር እንዳፈረሰ የማናውቅ አይደለንም። አክስቲቱ የሚፈሩት ሙታንን ሳይሆን ሕያዋንን ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ዋጋውን የምትከፍለው ጽሑፉን ያልፈለገችው ልጅ ናትና።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። በብዙ አገር አባት መቁጠር ርስት መከፈያ ነበረ። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ እስካደረገ ድረስ ሐረጉን ወደ አቅኚው አባት ማድረስ የቻለ መሬት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ቆጠራው ጥቅም ያለበትን መስመር ያጠብቃል፤ ጥቅም የሌለበትን ይጥላል። መዝገብ በር የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ በዕዝራ መጽሐፍ በምዕራፍ 2 ከምርኮ የተመለሱ ካህናት የትውልድ ጽሑፋቸው ባለመገኘቱ ከክህነት ተከለከሉ። በአንጻሩ ማቴዎስ በምዕራፍ 1 የጌታችንን ትውልድ ሲቆጥር ትዕማርን፣ ረአብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አልዘለለም። አራቱንም ዝም ብሎ ቢያልፋቸው ቆጠራው አይጎድልበትም ነበር።

ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው። ወረቀቱ በጉባኤ ፊት ይነበብ ዘንድ ሊዳር ያለውን ሰው ሳናስፈቅድ አይሆንም፤ ይህ የሕያዋን ፋንታ ነው። «የባላባት ልጅ» ብሎ መጻፍ ግን ለማንም አልተፈቀደም። ሴትዮዋን አንድ ጊዜ ከአባታቸው ቤት የወሰዷቸው አሉ፤ ሌላ አባት ብንፈጥርላቸው ሁለተኛ መውሰድ ይሆናል።

አሁን በወረቀቱ ላይ በሌሎቹ አያቶች በኩል ቆጠራው እስከ አምስት ቤት፣ አንዳንዱም እስከ ሰባት ቤት ደርሷል። በወለተ ማርያም በኩል ግን ከራሳቸው ላይ ይቆማል፤ ወላጆቻቸው እነማን እንደ ሆኑ የገዛቸው ሰው አላስጻፈም። ጓደኛችን ስማቸውን በቀለም ጽፎ ከበላያቸው ያሉትን መስመሮች ባዶ ትቷል። ወረቀቱን ለአክስቱ አሳይቷቸዋል፤ እስካሁን መልስ አልሰጡትም።