ዋስ የሚሆናችሁ ማን ነው?

ልጆቼ፣ በየኤግዚቢሽኑ ካርድ እየተለዋወጣችሁ፣ በየቴሌግራም ግሩፑ እየገባችሁ «ኔትዎርክ እየሠራን ነው» ስትሉ እሰማለሁ። ደግ ነው። ግን ልጠይቃችሁ፤ ስልካችሁ ውስጥ ካለው ያ ሁሉ ስም፣ ነገ ትልቅ ዕቁብ ቢደርሳችሁ ዋስ የሚሆናችሁ ስንቱ ነው?

በነጋዴ ዕቁብ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ዋስ ይጠራል። ወስዶ ቢጠፋ ቀሪውን የሚከፍለው ዋሱ ነውና። ስለዚህ ዋስ የሚጠየቅ ሰው ሱፋችሁን አያይም። የዱቤ ቀጠሮ ሲደርስ ስልክ ታጠፋላችሁ ወይስ ቀድማችሁ ደውላችሁ «ሳምንት ጨምርልኝ» ትላላችሁ? ዕቃው ከናሙናው ቢያንስ ለደንበኛው ትነግሩታላችሁ ወይስ ዝም? የሚመዝነው ይህን ነው። በሆቴል አዳራሽ፣ ቡናና ኬክ ተይዞ የሚደረገው ትውውቅም መጨረሻው እዚሁ ሚዛን ላይ ነው።

እንዲህ ስላችሁ ግን ከልብ ወዳጆቻችሁ ጋር ብቻ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር፣ ቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሥራውን ከጠቆማቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 28 ያህሉ ሰውየውን የሚያዩት ከስንት አንዴ ነው። ነገሩ አያስገርምም። የልብ ወዳጃችሁ የሰማውን እናንተም ሰምታችኋል። ሸማ ተራ የሚውል ነጋዴ ከሸማ ተራ ሰው ጋር ብቻ ቡና ቢጠጣ የሚያውቀው የጎረቤቱን ዋጋ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ ትራንዚተር፣ የባንክ ብድር ክፍል ሠራተኛ፣ ሐዋሳ ያለ አከፋፋይ የሚነግሩት ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ሩቅ ያለው ሰው ጠባያችሁን በምን ያውቃል? በመሐል ባለው ሰው ነዋ! እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። አንድ ሰው «ሂድ፣ እገሌ ልኮኝ ነው በለው» ሲላችሁ ስሙን አበድሯችኋል። በዚያው ቀን ደውሉ። የተላካችሁበትን ሰው ጊዜ አታባክኑ፤ «ሥራ ካለ አስታውሰኝ» የሚባል ጥያቄ መልስ የለውም፣ «ከጅቡቲ ዕቃ ሲያመጡ የሚተማመኑበት ትራንዚተር ማን ነው?» የሚለው ግን በአንድ ደቂቃ ይመለሳል። ከዚያ ተመልሳችሁ ለላካችሁ ሰው የደረሳችሁበትን ንገሩት፤ ባይሳካም ንገሩት። ብዙ ወጣት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከተሳካለት ይጠፋል፣ ካልተሳካለት ያኮርፋል፤ ላኪው ወሬውን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል። ሁለተኛ ስሙን አያበድርም፤ ምክንያቱንም አይነግራችሁም። እኛ አገር ቅሬታ የሚገለጸው ስልክ ባለማንሳት ነው።

ሰው ዘንድ በባዶ እጅ አትቅረቡ፤ ስጦታ ማለቴ ግን አይደለም። ለትልቅ ነጋዴ ምን እሰጣለሁ ትሉ ይሆናል። አዲሱን የታክስ መመሪያ አንብባችሁ በሁለት መስመር ብትልኩለት ውለታ ነው። ምንም የምትፈልጉት ነገር ሳይኖር ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትም ቀላል አይደለም። ለቅሶም ሂዱ፤ ድንኳን ውስጥ ግን ስለ ብድርና ስለ ጨረታ እንዳታነሡ፣ ኀዘንተኛ ቤት ካርድ ሲያድል ያየሁት ሰው አለና።

«ሰው አለኝ» የሚባለውን ነገር ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። የጨረታ ዋጋ ሹክ እንዲላችሁ የምትለምኑት የመሥሪያ ቤት ሰው ወዳጃችሁ ሳይሆን አብሯችሁ የሚከሰስ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ አለቃው ፊት የማትጠይቁትን ለብቻው አትጠይቁት።

ለመታወቅ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መንገድ አለ፤ የጋራ ሥራ መያዝ። አባልነት ብቻውን አያሳውቅም። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ አባል ሆነው የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የተቀመጡ ብዙ ናቸው። እናንተ በንግድ ማኅበራችሁ ሥራ ያለበት ኮሚቴ ውስጥ ግቡ። ዕቁብ ከገባችሁ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ጸሐፊነት ያዙ። ነጋዴው በየሳምንቱ ገንዘቡን በእጃችሁ እየቆጠረ፣ እናንተም ሰዓት አክብራችሁ እየመዘገባችሁ ዓመት ካለፈ፣ ስለ እናንተ ለሌላው የሚናገረው እሱ ነው። ብቻ ስትረከቡ የቀድሞውን ጸሐፊ መዝገብ በሰብሳቢው ፊት ቆጥራችሁ፣ አስፈርማችሁ ተረከቡ።