ሁለቱን ስልኮች ያገጠመች እህት

አንዲት እናት ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ታላቂቱ አብራቸው አስመራ ትኖራለች፤ ወንዱ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፤ ታናሺቱ ዋሽንግተን ገብታለች። ግንቦት 1990 በባድመ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ድንበሩ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑ ቀረ፤ ስልኩም ተቆረጠ። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ መስመሩ ግን እንደተቆረጠ ቀረ።

ታናሺቱ መላ አገኘች። በአንዱ ስልክ አስመራ፣ በሌላው አዲስ አበባ ትደውልና የአንዱን መስሚያ ከሌላው መናገሪያ ታገጥማለች። እናትና ልጅ በዚህ መንገድ "ደህና ነህ ወይ? በላህ ወይ?" "አለሁ እማዬ" ይባባላሉ። ድምፁ ይርቃል፣ ይቆራረጣል። ያን ጊዜ ግን በስንቱ ቤት ናፍቆት የቀለለው በእንዲህ ያለ ብልሃት ነው፤ ባሕር ማዶ ሆነው የሌላውን ወሬ ያመላለሱ ሰዎች ውለታ በቂ ምስጋና አላገኘም።

እናት አረፉ።

"እንዳትነግሪው" አለች ታላቂቱ፤ "መጥቶ አፈር አያለብሳት፤ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም።" እውነት ነው፤ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ከብቦ እንጂ ለብቻ አይሰማም። ታናሺቱ አዲስ አበባ ያሉ የእድሩን ሰዎች ብትለምን ያረዱላት ነበር። ዛሬ ነገ ስትል ወራት አለፉ፣ ከዚያም ዓመታት። "ጉሮሮዋን አሟታል"፣ "ቤተ ክርስቲያን ናት"፣ "መስመሩ እምቢ አለ" ማለት ልማድ ሆነባት። ርኅራኄዋን አልጠራጠርም። ሆኖም መንግሥታት ባቆሙት ግድግዳ ላይ እህትማማቾቹ የራሳቸውን ደረቡበት።

ሐምሌ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ሲሄዱ መስመሩ ተከፈተ። በዚያ ሰሞን ዘመድ የሌለው እንኳ የአስመራን ቁጥር በግምት እየመታ የማያውቀውን ሰው "እንኳን ደስ አላችሁ" ይል ነበር። ወንድምየውም በቃሉ ይዞት የኖረውን ቁጥር ደወለ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ። እማዬን አቅርቢልኝ።"

ታላቂቱ የምትመልሰው ጠፋት። "ና" አለችው በመጨረሻ፤ "ስልኩን ዝጋና ና።"

ሐምሌ 11 በረራው ተጀመረ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተሳፈረ። ጎረቤቱ ሁሉ በማለዳ ተሰብስቦ አረዳው። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። እናት ካረፉ ወዲህ በየፋሲካው በዋሽንግተን በኩል የላከላቸውን ነጠላዎች ታላቂቱ ከሳጥን አወጣች፤ አንዱም አልተለበሰም።

በሦስተኛው ቀን ለታናሺቱ ደወለ።

"እንዳታዝን ብዬ ነው" አለችው እያለቀሰች።

"ማዘኔ መቼ ቀረ? ከሰው ሁሉ ኋላ አዘንኩ እንጂ። ከእንግዲህ ክፉውንም በጊዜው ንገሪኝ።"

"እንግዲያው ከእኔው እጀምራለሁ" አለች፤ "ከባለቤቴ ከተፋታን አራት ዓመት ሆኖናል።"