ምትክ ከመጣ በኋላ አሮጌው ቀፎ የማን ነው?

ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ የስልክ ኔትወርክ ድርጅት የሸጠው ቀፎ ተበላሸ እንበል። ድርጅቱ ምትክ ላከና «አሮጌውን መልሱልኝ» አለ። ሊወስደው ግን ማንም አልመጣም። ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ። ታዲያ ቀፎው የማን ነው? ውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ ይህ የተለመደ ጉዳይ ነው፤ ምትኩን አስቀድመው ልከው፣ አሮጌው ካልተመለሰ ዋጋውን የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ። የማያስከፍል ሲገኝስ? የኅሊና ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«እናስቀረው» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛ፣ የተበላሸ ነገር ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ሀብታም ነው፤ አንድ ቀፎ አይጎዳውም። ሦስተኛ፣ የረሳው እሱ ነው፤ እኛ ምን አገባን? በየተራ እንመርምራቸው።

የመጀመሪያውን የነቀምቴ ገበያ ራሱ ያፈርሰዋል። ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ሄዶ ያየ ሰው የሞተ ስልክ እንደማይጣል ያውቃል፤ ስክሪኑ ለአንዱ፣ ባትሪው ለሌላው ይሆናል። ኧረ ዋጋ ከሌለውማ ለምን እናስቀረዋለን?

ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ በተለይ ለወለጋ ሰው። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። ልጅ ከእናቱ፣ ነጋዴ ከደንበኛው ተለያይቶ ከረመ። «ለዚያ ጊዜ ማን ካሰን? አንድ ቀፎ ብናስቀር ምን አለበት?» የሚል ቢነሣ ቁጣው ይገባናል። ነገር ግን ስልኩን ያስቋረጠውና ቀፎውን የላከው አንድ ላይሆን ይችላል። አንድ ቢሆንም እንኳ ካሳን በአደባባይ መጠየቅና በጓዳ መውሰድ ይለያያሉ። በአደባባይ የጠየቀ በደሉን ለሁሉ ያሳውቃል። በጓዳ የወሰደ ግን የሌላውንም በደል፣ የራሱንም ድርጊት ደብቆ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት በተግባር የተፈተነበት ሌሊት አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳሳተና ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከዶርም ወደ ዶርም ሮጠ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤ.ቲ.ኤም. ፊት ተማሪ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ያላግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በፈቃዳቸው የሚመልሱ እንደማይከሰሱ ተነገረ፤ አብዛኛው ገንዘብ በጥቂት ቀናት ተመለሰ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በቅርንጫፎች ተለጠፈ። «ስሕተቱ የባንኩ ነው» ማለት አላዋጣም። ሕጉም አዲስ አልነበረም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰው ባለሀብቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል።

ይሁንና ስሜ ይለጠፋል ብሎ መመለስ ፍርሃት እንጂ ሐቀኝነት አይደለም። የቀፎው ጥያቄ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ስማችንን የሚለጥፍ የለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1788 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የመሰለ ነገር አንሥቷል። አደራ ሰጪው ሞቷል፤ ጽሑፍም አልተወም፤ አደራውን መካድ ይቻላልን? ሁሉም ቢክድ አደራ የሚባል ነገር ራሱ ይጠፋል ሲል መለሰ። ሄግል ደግሞ በኋላ ተነሥቶ፣ አደራ ባይኖርስ ምን ተቃርኖ አለው ብሎ ሞገተው።

ለሄግል መልሱን ከወለጋ እንስጠው። ምትክ አስቀድሞ የሚላከው አሮጌው ይመለሳል ተብሎ ስለሚታመን ነው። እምነቱ ሲጠፋ ድርጅቱ አይከስርም፤ ደንቡን ይለውጣል። «መጀመሪያ የተበላሸውን አምጡ፤ ከዚያ ጠብቁ» ይላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ቀፎውን አዲስ አበባ ልኮ ያለ ስልክ የሚከርም የጊምቢ ወይም የደምቢ ዶሎ ገበሬ ነው። ስልክ ደግሞ ወሬ መጠየቂያ ብቻ አይደለም፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳውም ሆኗል። እንግዲህ የምንቀማው ሀብታሙን ድርጅት ሳይሆን ከኋላችን የሚመጣውን ድኻ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በአማርኛ «አደራ በላ» ከባድ ስድብ ነው። ኦሮሞው ሳፉ ይላል፤ በሰውና በሰው፣ በሰውና በፍጥረት መካከል ሊጠበቅ የሚገባውን መከባበርና ወሰን ማለቱ ነው። ሳፉ የሚጠበቀው ዘበኛ ስለቆመ አይደለም።

ግዴታው ግን ልክ አለው። የኛ ድርሻ መንገርና ቀፎውን ጠብቆ ማቆየት ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ያህል ተጉዘን፣ ከኪሳችን ከፍለን እናድርስ አንልም፤ ወጪው የባለቤቱ ነው። ነግረን፣ ደግመን ነግረን «ይቅርባችሁ፣ ውሰዱት» ካለን በንጹሕ ኅሊና ጠጋኙ ዘንድ እንወስደዋለን። ሳንናገር «ዝም ስላሉ ትተውልናል» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

የተለየ ሐሳብ ያለው አንባቢ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከርበታለን።