ድንኳንን ዳግመኛ ስለ መንቀል
በባዕድ አገር ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች የተጻፈ ምክር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ሰው ለብቻው በሚኖርበት ዘመን ካገር ወደ አገር ቢዘዋወር ድካሙም ትርፉም የራሱ ነው። ልጆች ከወለደ በኋላ ግን የሚያነሣው እግር የእርሱ ብቻ አይደለም፤ አባት በተራመደ ጊዜ ሳይጠየቁ የሚከተሉት ትንንሽ እግሮች ከኋላው አሉና። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሕፈት ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ አገሩን ለቆ በባዕድ ምድር ቤት ያቆመ ወላጅ፥ ለልጆቼ ይሻላል ብሎ እንደ ገና ወደ ሌላ አገር ቢፈልስ መልካም አደረገላቸውን? ወይስ በደላቸው?

ይህን ጥያቄ ያመጣልኝ በዱባይ የሚኖር አንድ ወንድም ነው። ይህ ሰው በጐልማሳነቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በካርቱም ተቀመጠ፤ በዚያም አግብቶ የመጀመሪያይቱን ልጁን ወለደ። ልጅቱ ሰባት ዓመት በሆናት ጊዜ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ዱባይ ተሻገረ፤ በዚያም ሁለት ወንዶች ልጆች ተጨመሩለት። ከዚህ በኋላ ወደ ካናዳ ገብቶ የሚኖርበት ፈቃድ ተሰጠው፤ እርሱም፥ «ብሄድ ኀጢአት ይሆንብኛልን? ብቀርስ ለልጆቼ የተከፈተውን በር በመዝጋቴ እጠየቃለሁን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ፈጥኜ ልመልስለት አልቻልሁም። በዚያን ጊዜ 14 ዓመት የሞላት ልጁ ነገሩን በሰማች ጊዜ አላለቀሰችም፥ አልተቈጣችምም፤ «አባባ፥ ጓደኛ መያዝ ደክሞኛል» ብቻ አለችው። ይህ ቃል እርሱን አልፎ እኔንም ወጋኝ።

አስቀድመን ለመሄድ የሚናገረውን ምክንያት በቅን ልብ እንስማ። በባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች የአብዛኛው እንግዳ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋራ የታሰረ ነው፤ የልጆቹም ፈቃድ ከእርሱ ፈቃድ ጋራ ታስሯል። በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 የወጣው ደንብ ያላገባ ወንድ ልጅ እስከ 25 ዓመቱ በአባቱ ስም እንዲቀመጥ ፈቅዷል፤ ይሁን እንጂ ከእንግዳ ወላጆች በዚያ መወለድ ብቻውን ዜግነትን አያሰጥም። እንግዲህ አባት ሥራውን ያጣ እንደ ሆነ፥ ልጆቹ አገራችን የሚሉትን ከተማ ሊለቁ ግድ ይሆንባቸዋል። በካናዳ ግን ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ከተቀመጠ፥ የቀረውንም ግዴታ ከፈጸመ፥ ዜግነትን መጠየቅ ይችላል። ለልጆች የማይነቃነቅ ደጅ መፈለግ ስስት አይደለም። በአንድ ስፍራ መቅረትም ሁልጊዜ ደኅንነት እንዳልሆነ ካርቱም ራስዋ ትመሰክራለች፤ በ2023 በኤፕሪል 15 ቀን ጦርነት በተነሣባት ጊዜ፥ ያች ልጅ ፊደል የቈጠረችባት ከተማ የጦር ሜዳ ሆነች፥ ሕዝብዋም ተበተነ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሚዛን እንመልከት። አበው ካገሩ የወጣን ሰው በተጫነ አህያና በተለጐመ ፈረስ ይመስሉታል፤ ሁለት ጊዜ የወጣውማ ምን ይባል? ይህ ወንድም የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ በአዲሱ አገር ትምህርቱና ልምዱ እንደ ገና እስኪመዘንለት ድረስ ከሙያው በታች ሊሠራ ይገባው ይሆናል። በአዲስ አበባ ያረጀች እናት አለችው። ወንዶች ልጆቹ በአማርኛ ሲጠሩ በእንግሊዝኛ አቤት ይላሉ፤ ርቀቱ በተጨመረ ቍጥር ከአያታቸው ጋራ የሚነጋገሩበት ቃል እያነሰ ይሄዳል። ደግሞም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቈጥረዋል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ ልዩ መብት የሰጠው የ1994 ዓ.ም. አዋጅም የመምረጥንና የመመረጥን መብት አልሰጣቸውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የልጅ ኀዘን ነው። ሩት ሂል ዩዚም የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ በ1950ዎቹ ዓመታት በህንድ የተቀመጡትን የአሜሪካ ቤተ ሰቦች መርምራ፥ በወላጆቻቸው አገርና በሚኖሩበት አገር መካከል ለሚያድጉ ልጆች የሦስተኛ ባህል ልጆች የሚል ስም አወጣች። ዴቪድ ፖሎክና ሩት ቫን ሬከንም በ1999 ስለ እነዚህ ልጆች መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያም የተሰወረውን ኀዘናቸውን ገለጡ። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይመጣል፥ ለቅሶ ይቀመጣል። ልጅ ግን ትምህርት ቤቱን፥ ጓደኛውን፥ የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ በአንድ ቀን ባጣ ጊዜ ማንም አይመጣለትም፤ እንዲያውም «እድለኛ ነህ» ይሉታል። ያልተለቀሰለት ኀዘን ደግሞ አይሞትም፤ ይደበቃል እንጂ።

እንግዲህ ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል? መሄድን ሁሉ አይነቅፍም፥ መቀመጥንም ሁሉ አያመሰግንም። ሎጥ የዮርዳኖስን ሜዳ ልምላሜ አይቶ መረጠ፤ ለመንጋው የሚሆነውን ሣር መዘነ፥ ሴቶች ልጆቹ የሚያድጉበትን ጎረቤት ግን አልመዘነም። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ሲወርድ ልጁ ዮሴፍ ቢጠራውም፥ ሠረገላ ቢላክለትም፥ በቤርሳቤህ ቆሞ ለአባቱ አምላክ ሳይሠዋ ድንበሩን አልተሻገረም። የማርያም እጮኛ ዮሴፍም ሕፃኑን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ፤ ያስነሣው የሄሮድስ ሰይፍ ነበረ እንጂ የግብፅ እንጀራ አልነበረም። በተመለሰም ጊዜ አርኬላዎስ በይሁዳ እንደ ነገሠ ሰምቶ ወደ ገሊላ ፈቀቅ አለ፥ በናዝሬትም ተቀመጠ። ናዝሬት ታናሽና የተናቀች መንደር ነበረች፤ ጌታችን ግን በእርስዋ አደገ። ሰይፉ ከራቀ በኋላ ዮሴፍ ከናዝሬት የምትበልጥ ከተማ ፍለጋ ሲዞር አናነብም።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፦ ከሰይፍ የሚሸሽና ሣር የሚከተል በመንገድ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ልብ ነው። ስለዚህ ለወንድሜ ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ ሰጠሁት፦ «የጐረቤቶችህ ልጆች ሁሉ ባሉበት ቢቀሩ፥ ጓደኞችህም ማንም ባይሄድ፥ አንተ ትሄድ ነበርን?» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም፥ አብረውት ከአዲስ አበባ የወጡት ሁሉ የሌላ አገር ፓስፖርት እንደ ያዙ፥ እርሱ ብቻ ወደ ኋላ በመቅረቱ እንደሚያፍር፥ ይህንንም እፍረት «ለልጆቼ» በሚል ስም እንደ ሸፈነው ተናዘዘ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ እናድርግ። የወላጅ ትልቁ ፈተና ልጁን አለመውደዱ አይደለም፤ የራሱን ምኞት በልጁ ስም መጥራቱ ነው። ልጅ የአባቱን ምኞት ለብሶ በሚያድግበት ጊዜ፥ አባቱ ስለ እርሱ እንደ ተሰዋ ዕለት ዕለት ይነገረዋል፤ ባልጠየቀው ብድር ዕዳ ከፋይ ይሆናል። ይህ ግፍ ነው።

ያ ወንድም ከሚስቱ ጋራ ጸልዮ እፍረቱን ከሚዛኑ ላይ ባወረደ ጊዜ፥ የቀረው ምክንያት ሲመዘን አሁንም ከበደ፤ በአንድ ሰው ሥራ ላይ የተንጠለጠለ የአምስት ሰዎች ኑሮ የማይታመን ነበረና። ስለዚህ ለመሄድ ቈረጠ። ነገር ግን አካሄዱ ተለወጠ። ልጁን ጠርቶ፥ «አንቺን ምክንያት አድርጌ ስለ ራሴ ተናግሬአለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አላት። ሦስተኛ መንቀል እንዳይኖር፥ ታናሹ ልጅ ትምህርቱን እስኪፈጽም ድረስ ስለ ደመወዝ ብሎ ከተማ እንኳ እንዳይለውጥ በፊታቸው ቃል ገባ። ፖሎክ ለሚሄዱ ሰዎች የመከረውንም አራት ነገር ፈጸሙ፦ ከተጣሉት ጋራ ታረቁ፥ የረዱአቸውን አመሰገኑ፥ ሰውንም ስፍራንም ተሰናበቱ፥ የሚሄዱበትንም አገር አስቀድመው አሰቡ። ከዚያም አንድ ወር በአዲስ አበባ በአያታቸው ቤት ተቀመጡ።

ልጅቱ ግን ደስ አላላትም። ይህን ልሰውርህ አልወድም። አባትዋ በቅን መረጠ ማለት ልጅ አልተጐዳችም ማለት አይደለም፤ ትክክለኛ መንገድም ዋጋ አለውና፥ ከዋጋውም የሚበልጠውን የከፈለችው እርስዋ ናት። ከአባትዋ የሚፈለገው ዋጋውን መካድ ሳይሆን አብሮአት መሸከም ነው።

እንግዲህ አንተም የጕዞ ወረቀት በእጅህ ይዘህ የምታመነታ ብትሆን፥ «የትኛው አገር ይሻላል?» ከማለትህ በፊት «ምን አስነሣኝ?» በል። ሰይፍ ከሆነ አትዘግይ። ሣር ከሆነ ጎረቤቱን ደግሞ መዝን። እፍረት ከሆነ ተቀመጥ፥ ንስሓም ግባ፤ እፍረት በየአገሩ ይከተልሃልና። ብትሄድም ብትቀመጥም በቤትህ ጸሎትን፥ ቋንቋህንና እውነተኛ ቃልን አትተው፤ እነዚህን ሦስቱን በድንበር ላይ ማንም አይቀማህም። እኛ ሁላችን በዚህ ዓለም እንግዶች ነን፤ ነገር ግን ልጅ ይህን በደስታ የሚማረው የአባቱ እጅ በየስፍራው አንድ መሆኑን ሲያውቅ ነው። የእንግዶች ጠባቂ እግዚአብሔር ምክርህን ያቅናልህ። አሜን።