የእናትህንም ወገን ቁጠር

ልጄ፣ ዘሬን መቁጠር ጀምሬአለሁ ስላልከኝ ደስ ብሎኛል። ምራቅህን ልከህ «ከዚህ አገር ይህን ያህል በመቶ» የሚል ወረቀት ማስመጣትህንም አልነቅፍም። ግን ወረቀቱ አገር እንጂ ሰው አይነግርህም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ሥሩን የሚያውቁት ደግሞ ወንዛዬ ፍል ውኃ ዳር ጉልበታቸውን የሚያሹት ባልቴቶች ናቸው።

የጥንት ሰው ዘር የሚቆጥረው ለጌጥ አልነበረም። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ርስትም ከዋናው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም እየተቆጠረ ነበር የሚገኘው፤ ሙግት ያለበት ሰው የሴት ቅድመ አያቱን ስም አይስትም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ያ ቆጠራ ላላ። ዛሬ ብዙው ሰው የሚያውቀው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው፤ እናቶቹ የሉበትም።

ምሳሌ ልንገርህ። እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩበት ቦታ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊ መድፍ ሠሪ ነበር። ያገባት ወለተ ኢየሱስን ነው፤ አባቷ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ እናቷ የአገራችን ሰው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላው ጦርነት ሰሞን ማግዳሌና ተወለደች። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥቶ የፍልስጤም ወደብ ወደሆነችው ያፋ ገባ፤ ወለተ ኢየሱስም ካታሪና ተባለች። ማግዳሌና የሩሲያ ተወላጁን ባሮን ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭን አገባች፤ ልጇ ዮና የወለደው ፒተር ኡስቲኖቭ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው የእንግሊዝ ተዋናይ ነው። ዘር ከልጓም ይስባልና የማግዳሌና ወንድም ዴቪድ ሆል ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አማካሪ ሆነ።

አየህ፣ ያን ተዋናይ በአባት በአባት ብቻ ብትቆጥረው መስኮብ ትገባለህ እንጂ ጋፋትን አታገኛትም። ወደዚህ የምታመጣህ ማግዳሌና ናት፤ ከእሷም እናቷ። ወለተ ኢየሱስ ብለህ የፈለግሃትም ያፋ ስትደርስ ካታሪና ብለህ ካልጠየቅህ ትጠፋብሃለች። ስለዚህ አረጋውያኑን ስትጠይቅ የዓለም ስም ብቻ ይዘህ አትነሣ፤ የእያንዳንዱን ዘመድ የክርስትና ስም፣ የተጠመቀበትን ደብር፣ ተዝካሩ የት እንደወጣ ጠይቅ። የቤታችሁን አሮጌ ዳዊት ገልጠህም ባዶውን ገጽ እይ፤ አንዳንዱ ሰው የልጆቹን ልደት እዚያ ያሰፍር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የሚሸሸው። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። እኛም ፊታውራሪውን አያት እየጠራን ቀጥቃጩን እንውጠዋለን። የፈረንጅ ብረት አቅላጭ ታሪክ ሆኖ የአገሬው ቀጥቃጭ ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ስሙን ከነሙያው ጻፈው። ባሪያ ሆና የመጣች ሴት በሐረጉ ካለችም ጻፋት፤ ልጆቿ አንተን ጨምሮ በሕይወት አሉና።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ደብተር ያዝ። አክስትህ ጆሮዋ ደክሟል፣ ልቧ ግን ደኅና ነው። ጠዋት ጠዋት ትነቃቃለችና በዚህ ሳምንት ደውልላት፤ መጀመሪያም የእናቷን እናት ስም ጠይቃት።